"ዩ ቴኪንግ" ወይስ "ዩር ቴኪንግ"? አለቃዬ ሰባት ሰው ሲሲ አድርጎ አረመኝ

ሰሚት_ኮንዶ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። እንግሊዝኛ የገባችሁ ሰዎች ፍረዱኝ። እኔ አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ አድሚን አሲስታንት ነኝ፣ ስሙ ይቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ሜይል ነው የምጽፈው፣ እስከዛሬ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ባለፈው ሳምንት ሊጎበኙን ለመጡ እንግዶች የምስጋና ሜይል ጻፍኩና ከመላኬ በፊት አለቃዬ ይየው ብዬ ላኩለት። ጥፋት የተባለችው ይቺ ናት፦ "ዊ አፕሪሺዬት ዩ ቴኪንግ ዘ ታይም ቱ ቪዚት አስ"። ሰውዬው "ዩ"ን በቀይ ሰርዞ "ዩር" አደረጋትና ከስሯ "ቤዚክ ግራመር!" ብሎ ከነቃለ አጋኖው መለሰልኝ፣ ለኔ ብቻ ቢመልስልኝ ምን ነበረበት፣ ሰባት ሰው ሲሲ አድርጎ ነው የላከው። ምሳ ሰአት ላይ የስቶር ሰራተኛው ሳይቀር "ዩር ሽሮ መጣ" እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

አሁን ንዴቴ በርዶልኛል፣ ግን አልገባኝም። ዩር ማለት ያንተ ማለት አይደል? ያንተ ቤት፣ ያንተ መኪና ይባላል፣ እሺ። "ያንተ መውሰድ" ግን ምን የሚሉት አነጋገር ነው? መውሰድ እቃ ነው እንዴ የሰው ንብረት የሚሆነው? ስልኬ ላይ ያለው ስህተት የሚያርመው አፕ ሁለቱንም ሳስገባለት ዝም ነው ያለኝ። ባለቤቴ "ያው ነው በቃ ተኚ" አለኝ። አልተኛሁም ይኸው።

ቡና_በጠዋት | 2፡52

ባልሽ ልክ ነው፣ ሁለቱም ይሄዳል ተኚ። ግን ሜይል ላይ ከሆነ ዩር ብትይ ይሻልሻል፣ በዩር ማንም አያርምሽም፣ በዩ ግን እንዳለቃሽ ያለ አንድ ሰው ከየትም አይጠፋም።

የወረቀት_ቶፍል | 3፡05

አቤት ምን አስታወስሽኝ። እኔ ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የተፈተንኩት በወረቀቱ ዘመን ነው፣ ከ677 የሚታሰበው፣ 550 ያመጣ ልጅ እናቱ ጎረቤት ጠርታ ቡና የምታፈላለት ጊዜ። ያኔ ሊስኒንግና ሪዲንግ መሀል "ስትራክቸር" የሚባል ክፍል ነበረ፣ አረፍተ ነገር ይሰጡህና አራት ቦታ ያሰምሩበታል፣ ከአራቱ ጥፋት የሆነችዋን ነቅሰህ ታወጣለህ። ያስጠናን የነበረው ልጅ አንድ ዘዴ ሰጠን፦ "ከአይኤንጂ ፊት ሂም፣ ሚ፣ አስ፣ ዘም ካያችሁ ምንም አትመራመሩ፣ ጥፋቷ እሷ ናት፣ መልሱ ሂዝ፣ ማይ፣ አወር፣ ዜር ነው"። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢንተርኔቱ ፈተና ሲመጣ ያ ክፍል ቀረ፣ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን አልቀረም።

ከዛ ስራ ይዤ መጋዘን ላይ ሳለሁ አንዱ ሲሚንቶ ሲጭን አየሁት፣ ሌሊት ነው፣ ያለ ወረቀት። ጠዋት ሪፖርት ጻፍኩ፣ "አይ ሶው ሂዝ ሎዲንግ ዘ ሲሜንት" ብዬ። በአስጠኚያችን ዘዴ ይሄ መቶ ከመቶ ነው። የውጭ ዜጋው ማናጀር አነበበና "ቆይ፣ ሰውየውን ነው ያየኸው ወይስ የሱን አጫጫን?" አለኝ። ኧረ ሰውየውን ጌትዬ! በነዚህ አይኖቼ! ስለዚህ ዘዴው እንደማይሰራ አውቃለሁ፣ ለምን እንደማይሰራ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

መምህር_በጡረታ | 3፡31

እንደምን አመሻችሁ ልጆች። 31 ዓመት ጠመኔ ይዤ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ አሁን ልጄ ይሄን ስልክ ገዝታልኝ ነው እዚህ የገባሁት፣ ስጽፍ ስለምዘገይ ታገሱኝ።

ሁለታችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ አይኤንጂ ያለበት ቃል አንዳንዴ ስም ነው፣ ጄረንድ ይሉታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰውየውን በስራ ላይ እያለ የሚያሳይ ነው፣ ፓርቲሲፕል ይሉታል። መልካቸው ቁርጥ አንድ በመሆኑ ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው ይጋጩበታል። እኛ ግን የታደልን ነን፣ አማርኛ ሁለቱን በሁለት የተለያየ ቅርጽ ነው የሚላቸው። አንተ የሲሚንቶው፣ "ሲጭን አየሁት" ነው ያልከው። "ሲ" አለች። አየሁት ላይ ያለችው "ት" ደግሞ ሰውየው ራሱ ነው። ስለዚህ ሂም። አሁን ደግሞ "መጫኑን ለማናጀሩ ነገርኩት" በል። እዚህ የነገርከው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ድርጊቱ ነው፣ "መ" መጣች፣ ጫፏ ላይ ደግሞ የባለቤትነቷ "ኡ" ተለጠፈች። እዚህ ላይ ሂዝ።

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ "ያንተ መውሰድ ምን የሚሉት አነጋገር ነው" አልሽ። ለመሆኑ ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ "መምጣትህ ደስ አለኝ" አትይም? ያቺ "ህ" ምንድን ናት? "ቤትህ" ላይ ያለችው ናት እኮ። "መዘግየቴ አናደደው"፣ "መታመሟን አልሰማሁም"፣ እንግዳ ሲነሳ ደግሞ "ውይ መሄዳችሁ ነው?" ቤቴ፣ ቤቷ፣ ቤታችሁ፣ አንድ በአንድ ያው ናቸው። መውሰድን የሰው ንብረት ስታደርጊ ነው የኖርሽው፣ በእንግሊዝኛ ሲመጣብሽ ነው የደነገጥሽው።

ሰሚት_ኮንዶ | 3፡38

ኦ ማይ ጋድ መምህር። "መሄዳችሁ ነው?" ዛሬ ማታ ራሱ ብያለሁ፣ እህቴ መጥታ ነበር። አመሰግናለሁ እግዜር ይስጥልኝ። ስለዚህ "መምጣትህ" እንደምለው "ዩር ካሚንግ" ማለት ነው በቃ።

አሽሟጣጩ | 3፡50

መምህር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ዘዴዎ ቀዳዳ አለበት። ማነው "ፊቴ ላይ ማጨሱን አልወድም" የሚለው? ሁላችንም "ፊቴ ላይ ሲያጨስ አልወድም" ነው የምንለው። ሲ ስለሆነች በርሶ ሂሳብ ሂም ነው የሚወጣው፣ የልጅቷ አለቃ ግን እሱንም በቀይ ሰርዞ ሂዝ ያደርገዋል። ደሞ "ዱ ዩ ማይንድ ማይ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው" የምትለዋን ሁሉም መጽሐፍ ላይ ያለችዋን በአማርኛ ይበሉልኝ እስቲ። "መስኮቱን ብከፍተው ቅር ይልሃል?" ነው። ሲም የለ መም የለ፣ ብ ናት! ብ ሲሆን ምን ልበል?

መምህር_በጡረታ | 4፡12

ተይዣለሁ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዓይነት ተማሪ ነህ፣ እንደነዚያ ስወዳቸው።

እንግዲያው እንዲህ ልበለው። ሰውየውን በዓይንህ፣ በጆሮህ ወይም በእጅህ ካገኘኸው ሂም ብቻ ነው፣ ሌላ አይገባም። ሶው፣ ኸርድ፣ ዋችድ፣ ኮት፣ ፋውንድ፣ ሌፍት፣ ኬፕት፣ እነዚህ ሁሉ የሚይዙት ሰውየውን ነው። እነ ላይክ፣ ሄት፣ ማይንድ፣ ሪሜምበር፣ ኢማጂን ከሆኑ ግን ሁለቱም ይገባሉ፣ ሂዝ ስትል የክት ልብስ ለብሰሃል፣ ሂም ስትል የሰርክ። በአማርኛም "ሲያጨስ አልወድም" እና "ማጨሱን አልወድም" ሁለቱም አሉ፣ ሁለተኛውን የሚለው ለፍርድ ቤት ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ብ ለምትለው መልስ የለኝም፣ አሳድራታለሁ።

አንድ ልጨምር፣ አረፍተ ነገሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ሂዝ ነው ደንበኛው። "ሂዝ ካሚንግ ሌት አፕሴት ኤቭሪዋን" ይባላል። "ሂም ካሚንግ ሌት" ብሎ መጀመር ቤት ውስጥ ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው።

ዲሲ_ነርስ | 4፡20

ከዚህ ከአሜሪካ ሆኜ ልንገራችሁ፣ ዲሲ አካባቢ ነኝ 14 አመቴ ነው፣ ዩር ቴኪንግ ምናምን አፍ አውጥቶ የሚል ሰው የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ስራ የጀመርኩ ሰሞን ብሬክ ሩም ገባሁና አንዷ አጠገብ ባዶ ወንበር አየሁ፣ አገር ቤት የተማርኩትን በስነ ስርአት "ዱ ዩ ማይንድ ማይ ሲቲንግ ሂር" አልኳት። ሳንድዊቿን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝና "ንግስት ኤልሳቤጥን ማን ፈረቃ አስገባት" ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። እስከዛሬ እዛ ፎቅ ላይ ስሜ ኩዊን ነው።

ደሞ እዚህ "አፕሪሺዬት ዩ!" ራሱን ችሎ ሰላምታ ሆኗል፣ በር ይዘህለት "አፕሪሺዬት ዩ" ብሎህ ያልፋል። ስለዚህ "አፕሪሺዬት ዩ ቴኪንግ ዘ ታይም" ለጆሯቸው ፍጹም ደህና ነው። የበሽተኛ ቻርት ስጽፍ ግን እጠነቀቃለሁ፣ ወረቀቱን ነገ ጠበቃ ሊያነበው ይችላል። ደግነቱ የኛ ዋርድ አብዛኛው ሴት ነው፣ ኸር ደሞ "እሷን"ም "የሷ"ም ናት፣ አንድ መልክ ነው ያላቸው፣ ኸር ፎሊንግ ብዬ እጽፋለሁ እንደፈለገው ያንብበው። ወንድ በሽተኛ ሲገባ ነው ግራመር የሚጀምረው።

ቡና_በጠዋት | 4፡23

"ወንድ በሽተኛ ሲገባ ነው ግራመር የሚጀምረው" 😂😂 ገደልሽኝ ኩዊን

ሊንጉ_ተማሪ | 4፡47

ይቅርታ ረዘም ሊል ነው ይሄ ነገር በጣም ስለምወደው ነው። አለቃሽ "ቤዚክ ግራመር" ማለቱ ነው የሚያስቀኝ ምክንያቱም እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ መቶ አመት ተጨቃጭቀውበት ያልጨረሱት ነው። ነገሩን ያጦዘው ሄንሪ ፎውለር የሚባል ድሮ የትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ከወንድሙ ጋር በጻፉት መጽሐፍ "ፊውዝድ ፓርቲሲፕል" የሚል ስም አወጣለት፣ የተጣበቀ ማለት ነው፣ ስሙና አይኤንጂው ሳይለያዩ አንድ ላይ ተበይደዋል ለማለት፣ በ1926 ደሞ ትልቁን የአጠቃቀም መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ውጉዝ ነው ያለው። በዛ ጊዜ ማን ተነሳበት መሰላችሁ፣ ኦቶ የስፐርሰን፣ ዴንማርካዊ ነው፣ በእንግሊዝኛ አፉን ያልፈታ ሰው፣ ፎውለር ጥፋት የሚለውን አነጋገር ባለቋንቋዎቹ ታላላቅ ጸሐፊዎቻችሁ ሁሌም ሲጽፉት ኖረዋል ብሎ ምሳሌ እየደረደረ ሞገተው። እንግሊዙ ህግ ያወጣል ዴንማርኩ እናንተ እንደዛ አትናገሩም ይለዋል፣ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

ደሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የካምብሪጁ ትልቅ ሰዋስው፣ ሀድልስተንና ፑለም ያዘጋጁት፣ ጄረንድና ፓርቲሲፕል የሚባል ልዩነት የለም ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ "ጄረንድ ፓርቲሲፕል" ብሎ ጠቅልሏቸዋል። ስለዚህ መምህር ሁለት ናቸው ብለው ያስተማሩን ነገር ራሱ ዛሬ ሁሉም አይቀበለውም።

ፖሰሲቩ፣ እነ ሂዝና ዩር ማለቴ ነው፣ ጭራሽ የማይገባበት ቦታም አለ። "ዜር" ራሷን ውሰዱ፣ "አለ" የምትለዋን ማለቴ ነው የነሱ የምትለዋን አይደለም፣ "አይ ዋዝ ሰርፕራይዝድ አት ዜር ቢይንግ ኖ ዎተር" ብትል ዜርን ፖሰሲቭ አታደርጋትም። "ሰም ኦቭ ዘም ሊቪንግ" ላይ ምኑ ላይ ነው አፖስትሮፊ ኤስ የምትሰካው? "ትናንት ገበያ ያገኘሁት ሰውዬ" የሚያህል ረጅም ስም ከሆነም አፖስትሮፊ ኤሱ ጭራው ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ሲያነበው ትንፋሽ ያጥረዋል። ብዙ ቁጥር ላይ ደሞ "ስቱደንትስ" ስትል ፖሰሲቭ ይሁን አይሁን በአፍ አይለይም፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጭረት ነው። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጉድ ያለበትን ነገር ነው ሰውዬው ቤዚክ የሚለው።

መምህር_በጡረታ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

አንድ ናቸው የሚለውን ሰምቻለሁ፣ ይሁን። አንድ ከሆኑ ግን ለምን "አይ ሶው ሂዝ ሎዲንግ" አይባልም? የሚያስጨንቀኝ ተማሪው ነው እንጂ ስያሜው አይደለም። ተማሪ ሲ እና መ ይዞ ከገባ ፈተናው ላይ ከአስር ዘጠኙን ያገኛል፣ አሥረኛዋን ለአሽሟጣጩ ትቼለታለሁ።

ላዳ_ወደ_አፕ | ማክሰኞ 4፡30

ሰላም እኔ ሹፌር ነኝ በስልክ ተጠርተን የምንሄደው፣ ይሄን ክር ተሳፋሪ እየጠበቅኩ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ ከስራዬ ጋር ይያያዛል። ባለፈው ወር አንዲት የውጭ አገር ሴት ከቦሌ ወደ ሲኤምሲ ወስጃት ሁለት ኮከብ ሰጥታኝ "አይ ዲድንት ላይክ ሂዝ ድራይቪንግ" ብላ ጻፈች። እኔ እስካሁን የመሰለኝ ሴት ሹፌር ፈልጋ ወንድ በመሆኔ መንዳቴን አልወደደችውም ነው። በናንተ መ እና ሲ ይሄ ምን ይሆናል?

አሽሟጣጩ | 4፡36

ወንድሜ ከልብ አዝናለሁ፣ አነዳድህን ነው ያልወደደችው

ሊንጉ_ተማሪ | 4፡58

አሽሟጣጩ ሳያውቀው ዋናውን ነገር ተናገረው! አማርኛ እዚህ ጋ ሁለት ቃል አለው፣ "መንዳቱ" አለ፣ "አነዳዱ" አለ። መንዳቱ ነገሩ መደረጉ ነው፣ አነዳዱ ደግሞ እንዴት እንደሚያደርገው ነው። አመጣጡ፣ አበላሉ፣ አሳሳቋ እንደምንለው። እንግሊዝኛው "ሂዝ ድራይቪንግ" ግን ሁለቱንም በአንድ ኪስ ይዟል፣ አንተ የነዳህበት ሁኔታ ሊሆን ይችላል፣ መንዳትህ ራሱ ሊሆን ይችላል። "ሂም ድራይቪንግ" ብላ ቢሆን ኖሮ ያንተ ግምት ያስኬድ ነበር፣ እሱ አነዳድ አይሆንም።

ለዚህ ነው ሁልጊዜ ፖሰሲቭ ይሻላል የሚለውን የማልቀበለው። አንዳንዴ ሂም ነው ነገሩን የሚያጠራው። የሲሚንቶው ማናጀር "አጫጫኑን ነው ወይ" ብሎ የጠየቀው እኮ ለዚህ ነው፣ ሂዝ ሎዲንግ ሲያነብ ልጁ ከረጢት እንዴት እንደሚደረድር ያደነቀ ነው የመሰለው።

የወረቀት_ቶፍል | 5፡02

ይኸው 20 አመት ሙሉ የጠበቅኩት መልስ። አጫጫኑማ አሪፍ ነበር በእውነት፣ 40 ከረጢት በአስር ደቂቃ

ላዳ_ወደ_አፕ | 5፡04

እሺ ገባኝ። ያን ቀን ዝናብ ነበር ደሞ። አመሰግናለሁ 2 ኮከቧንም ተቀብያለሁ

ሀያት_ተራራ | 6፡20

ጄረንድ ማለት ቦዝ አንቀጽ አይደል እንዴ? እኔ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሄዶ ነው የተማርኩት ጄረንድ ተብሎ። እዚህ ሁሉም መብላት መጠጣት ይላል፣ ማነው የተሳሳተው?

መምህር_በጡረታ | 6፡41

ማንም አልተሳሳተም ልጄ፣ ስም ነው የተደራረበው። የአማርኛን ሰዋስው በፈረንጅ ቋንቋ የጻፉት ሰዎች፣ እነ ቮልፍ ሌስላው፣ የኛን ቦዝ አንቀጽ "ጄረንድ" ብለው ሰየሙት፣ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ትልቁ መጽሐፉ ላይ እንዲያ ነው የሚለው። የእንግሊዝኛው ጄረንድ ግን በስራው ለኛ "መብላት" ይቀርባል። በስም ተመርታችሁ ጄረንድን "በልቶ" ብላችሁ ከተረጎማችሁ ሁሉ ነገር ይጠፋባችኋል፣ ስንት ተማሪ እዚህ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ዲያቆን_ዘሰሜን | ማታ 1፡10

መምህር ይቅር ይበሉኝና ዝምድናው በስም ብቻ አይደለም። ግእዝ ለተማረ ሰው ቦዝ አንቀጹ ራሱ ፖሰሲቭ የለበሰ ነው። ወንጌል ሲነበብ "ተንሢኦ" ትሰማላችሁ፣ ተነሥቶ ማለት ነው። እርባታውን ልቁጠርላችሁ፦ ተንሢእየ፣ ተንሢአከ፣ ተንሢአኪ፣ ተንሢኦ፣ ተንሢኣ፣ ተንሢአነ። አሁን "ቤት" የሚለውን ስም ተሳቢ አድርጋችሁ፣ ቤቴን፣ ቤትህን፣ ቤቱን እንደማለት፣ ከጎኑ አስቀምጡት፦ ቤትየ፣ ቤተከ፣ ቤተኪ፣ ቤቶ፣ ቤታ፣ ቤተነ። ጫፍ ጫፉን እዩት። አንድ ነው! "ተንሢኦ" ማለት ቃል በቃል "መነሣቱን" እንደማለት ሆኖ ነው ተነሥቶ የሆነው።

አማርኛውም ላይ ዱካው አለ። በልቼ እና ቤቴ፣ በልተህ እና ቤትህ፣ በልተሽ እና ቤትሽ፣ በልታችሁ እና ቤታችሁ። "በልቶ" ግን ከ"ቤቱ" ይለያል፣ ለምን ቢሉ "ቤቶ" የሚለው የግእዙ ተሳቢ ነዋ እዚያ ውስጥ ቆሞ የቀረው። ስለዚህ እህታችን አለቃሽ "ከጄረንድ ፊት ፖሰሲቭ ግቢ" ብሎ ሲቆጣሽ፣ እኛ ፖሰሲቭን ከጄረንድ ኋላ ሰፍተን አንድ ቃል አድርገነው በልተን ጠጥተን እንኖራለን።

አሽሟጣጩ | 1፡14

ዲያቆን ይሄን ግን ማን አስተማረህ። ሁለት ጊዜ አንብቤ "በልቼ" እያልኩ ጣቴን እየቆጠርኩ ነው

ሊንጉ_ተማሪ | 1፡19

ዲያቆን እጅ ነሳሁ። አንዲት ነገር ብቻ፣ አማርኛም የፎውለርን የተጣበቀ አለው። "የአበበ መምጣት አስደሰተኝ" ላይ "የ" አለች፣ "አበበ መምጣቱ አስደሰተኝ" ላይ ግን አበበ ራቁቱን ነው የቆመው፣ ባለቤትነቷ "ኡ" ላይ ነች። ሁለቱንም በየቀኑ እንላለን ማንም በቀይ አያርመንም። አበበ የሚለውን ካነሳሁ አይቀር፣ "የአበበ መምጣት" ስል አፌ ላይ ትንሽ የጋዜጣ ርእስ ይመስለኛል፣ "አበበ መምጣቱ" ነው የቤት።

ሃይፋ_ባህር_ዳርቻ | 2፡05

እኛ ጋ በዕብራይስጥም አለ ይሄ ነገር። ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚያነቡት ላይ "ብሹቪ" ይላል፣ ስመለስ ማለት ነው፣ ቃል በቃል ግን "በመመለሴ" ነው፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው "ኢ" የኔ ማለት ናት። መንገድ ላይ ግን ማንም እንደዛ አያወራም፣ መጽሐፍ ላይ ነው ያለው። ዲሲ_ነርስ እንዳለችው እዚህም ብትዪው ኩዊን ትባያለሽ።

ቡና_በጠዋት | 2፡11

ሁላችሁም ሊቅ ናችሁ ግን ልጅቷ ነገ ሜይል ትጽፋለች። አጭሩን ልንገርሽ፣ ተውላጠ ስሙን አውጪው። "ታንክ ዩ ፎር ቴኪንግ ዘ ታይም ቱ ቪዚት አስ"። ዩም የለ ዩርም የለ ቀይም የለ። አለቃሽ ምን ላይ ያሰምራል?

ሰሚት_ኮንዶ | 2፡15

ውይ እንዴት አላሰብኩትም። "ታንክ ዩ ፎር ዩር ቴኪንግ" ግን ይሻላል አይደል? ዩር ካላየ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል።

መምህር_በጡረታ | 2፡33

እሱማ አይሆንም ልጄ። ታንክ ዩ ካልሽ በኋላ ማን እንደመጣ ታውቋል፣ ዩር ስትጨምሪ "አንተን ስለ ያንተ መምጣት" እንደማለት ነው። አንድ ሰርግ ላይ አዳራሹ መግቢያ በአበባ ያጌጠ ባነር ተሰቅሎ "ታንክ ዩ ፎር ዩር ካሚንግ" ይል ነበር፣ ሙሽራው ተማሪዬ ነው፣ አይቼ እንዳላየ ገባሁ። ክትፎው ግሩም ነበር።

ይልቅ ሜይል ላይ ከፖሰሲቩ በላይ የሚያሳስበኝ መዝጊያው ነው፣ "ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ "ቱ ሂሪንግ" ነው። ቱ ያያችሁ ሁሉ ተከታዩን ግስ እርቃኑን ታስቀምጡታላችሁ፣ ይቺኛዋ ቱ ግን ስም ነው የምትፈልገው።

ዲሲ_ነርስ | 2፡40

መምህር እኔ 14 አመት ሙሉ "ቱ ሂር" ነበር የምጽፈው ማንም አልነገረኝም 🙈

ሰሚት_ኮንዶ | ረቡዕ ማታ 1፡48

እሺ አፕዴት ላድርጋችሁ። ሜይሉ በቡና_በጠዋት መንገድ ሄደ፣ አለቃዬ "ማች ቤተር" ብሎ መለሰ፣ ይሄን ግን ለኔ ብቻ ነው የመለሰው፣ ሲሲ የለም። ሲሳደብ ሰባት ሰው፣ ሲያመሰግን እኔ ብቻ።

ዋናው እሱ አይደለም። ከሰአት ፋይል ስፈልግ መስከረም ላይ ራሱ ለሁላችን የላከውን ሜይል አገኘሁ፣ አዲሱ ፋይናንስ ሲቀጠር፣ "ዊ አር ኤክሳይትድ አባውት ሂም ጆይኒንግ አስ" ይላል። ሂም! ሶስቴ አነበብኩት። ዲሲ_ነርስና ሊንጉ እንዳሉት ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ አሁን፣ በሱ ህግ ግን ጥፋት ነው። ስክሪንሾት አድርጌ ይዤዋለሁ፣ ፎርዋርድ ላይ ሰባቱንም ስም አስገብቻለሁ፣ ጣቴ ሴንድ ላይ ነው። ልላከው?

አሽሟጣጩ | 1፡49

ላኪ። ከስሩ "ቤዚክ ግራመር!" በዪ፣ ቃለ አጋኖውን እንዳትረሺ

ዲያቆን_ዘሰሜን | 1፡52

ተይው እህቴ አትላኪ

የወረቀት_ቶፍል | 1፡53

ዛሬ 26 ነው። ደሞዝ ይግባና ላኪ

ሰሚት_ኮንዶ | 1፡55

ድራፍት ላይ አስቀመጥኩት።